የፍላንደርስና የስዋን ሸክላ፦ ዘፈኑ አንድ ሆኖ ሳለ ንግግሩ ለምን ተለያየ?

መምህር ዘለገጣፎ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በለገጣፎ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ በሰፈራችን እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ቆራሌ በጆንያው ውስጥ ከጣሳና ከተቀደደ ጫማ ጋር አምስት ሸክላዎች ይዞ አገኘሁትና ሁሉንም በጥቂት ብር ገዛሁት። አራቱ እስከማይሰሙ ድረስ ተፋፍቀዋል። አምስተኛው ግን፣ ልባሱ ጠፍቶ ራቁቱን የቀረ ቢሆንም፣ ከአቧራው በቀር የከፋ ጉዳት አላገኘውም። በመካከሉ ባለው ክብ ወረቀት ላይ ፓርሎፎን የሚል የአሳታሚ ስም፣ የማይክል ፍላንደርስና የዶናልድ ስዋን ስም፣ «አት ዘ ድሮፕ ኦቭ ኤ ሃት» የሚል ርእስ፣ እንዲሁም ፒኤምሲ 1033 የሚል ቁጥር ይነበባል። ርእሱ በእንግሊዞች አነጋገር ባርኔጣ ወድቆ መሬት እስኪነካ ባለው ቅጽበት ሳያመነቱ መጀመርን የሚያመለክት ነው።

ከጎረቤቴ ማጫወቻ ተውሼ ሳዳምጠው አንድ ፒያኖ፣ ሁለት ድምፅ፣ በዘፈኖቹ መካከል ረዘም ያለ ጨዋታ፣ ከዚያም የሕዝብ ሳቅ ሰማሁ። በጭቃ መንከባለል ስለሚወድ ጉማሬ የሚዘፍኑትን ለተማሪዎቼ ባሰማኋቸው ጊዜ ከመካከላቸው አንዷ ያንኑ ዘፈን በስልኳ ከኢንተርኔት አውጥታ አነጻጸረችው። ግጥሙም ዜማውም አንድ ነው፤ ከዘፈኑ በፊት የሚነገረው ግን ይለያል፣ ሕዝቡም የሚስቀው በሌላ ቦታ ነው። «መምህር፣ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚያውቅ ካለ ማን እንደነበሩ፣ ምን ምን እንዳስቀዱና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ቢያስረዳኝ እጅግ አመሰግናለሁ። በትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ክበብ ውስጥ ላቀርበው አስቤያለሁና፣ የዚያን ዘመን እንግሊዝ ላላየ ወጣት ይገባዋል ወይ የሚለውም ያሳስበኛል።

ፒያኖ አስጠኚ ከቡራዩ

መምህር፣ ለተማሪዎ ሁለቱም ትክክለኛ መሆናቸውን ይንገሯት፤ የተቀዱት በሁለት የተለያዩ ምሽቶች ነውና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእጅዎ ያለው ፒኤምሲ 1033 በ1957 መጀመሪያ፣ ትርዒቱ ለንደን ወደሚገኘው ፎርቹን ቲያትር ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከነተመልካቹ የተቀዳው የሞኖ ሸክላ ነው። በስልክ የተሰማው ደግሞ ፒሲኤስ 3001 በሚል ቁጥር የወጣው የስቴሪዮ ቅጂ ሳይሆን አይቀርም፤ እርሱም የተቀዳው ሜይ 2 ቀን 1959፣ ትርዒቱ በዚያ ቲያትር በተዘጋበት የመጨረሻ ምሽት ነው። በሁለቱ መካከል ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። ፍላንደርስ በዘፈኖቹ መካከል የሚያወራውን ጨዋታ ከተመልካቹና ከጊዜው ጋር እያስማማ ይለውጠው ስለነበር፣ በመጀመሪያው ቅጂ ገና እየተፈተነ ያለውን ቃል በሁለተኛው በስሎና ተስተካክሎ እናገኘዋለን፤ አንዳንዱም እስከነጭራሹ በሌላ ተተክቷል። በማሲንቆ ፊት ተቀምጦ «ተቀበል!» ሲባል የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አዝማሪው ዜማውን ሳይለውጥ ስንኙን ለፊቱ ሰው እንደሚያበጅ ማለት ነው።

ሁለቱ የተዋወቁት ለንደን ውስጥ በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ሲማሩ ሲሆን፣ በ1940 በትምህርት ቤቱ አንድ የሙዚቃና የቀልድ ዝግጅት አብረው አቅርበዋል። ፍላንደርስ የተወለደው በ1922 ለንደን ውስጥ፣ ስዋን ደግሞ በ1923 ዌልስ ውስጥ ላኔሊ በምትባል ከተማ ከሩሲያ ከመጡ ወላጆች ነው። ሁለቱም ኦክስፎርድ ገቡ፤ ነገር ግን ጦርነቱ ለያያቸው። ፍላንደርስ ወደ ባሕር ኃይል ሄዶ በ1943 በፖሊዮ ተያዘ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በተሽከርካሪ ወንበር ኖረ። ስዋን በእምነቱ ምክንያት መሣሪያ አልይዝም ብሎ ክዌከሮች በተባሉት ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች የአምቡላንስ አገልግሎት ውስጥ በግብፅ፣ በፍልስጤምና በግሪክ አገለገለ። የግሪክ ዜማ ከእርሱ ጋር የቀረው በዚህ ሰበብ ነው፤ በትርዒታቸው ውስጥ እንስሳት አንዱ በሌላው ላይ እየተጨመሩ የሚጮሁበትን «ኮኮራኪ» የተባለ የግሪክ ዘፈን በራሱ በግሪክኛ ይዘፍነዋል።

በ1948 እንደገና ሲገናኙ ለመዝፈን አላሰቡም ነበር። ፍላንደርስ ግጥሙን፣ ስዋን ዜማውን እየደረሱ ለሌሎች ይሰጡ ነበር፤ ጆይስ ግሬንፌልና ባለ ወፍራም ድምፁ ኢያን ዋላስ ከተቀባዮቹ መካከል ነበሩ፣ ጉማሬውንም ዋላስ በሰፊው አስተዋውቆታል። በ1956 በዳርቲንግተን የክረምት የሙዚቃ ትምህርት ላይ ስለ ሥራቸው ገለጻ እያደረጉ ዘፈኖቹን ራሳቸው ሲያሰሙ፣ ተሰብሳቢው የወደደው በደራሲዎቹ አፍ ሲዘፈን መሆኑን አዩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ኖቲንግ ሂል በሚገኘው ትንሽ ኒው ሊንድሴ ቲያትር ትርዒቱን ጀመሩት፤ ወር ሳይሞላው፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1957፣ ፎርቹን ገቡ።

እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ሌላው በፒያኖው ፊት፣ ሁለቱም ትርዒቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠው ነው የሚያቀርቡት። ዳንስ የለም፣ መጋረጃ አይለወጥም፣ የሚያስቅ ልብስ አይለብሱም። ሥራው ሁሉ በቃል፣ በድምፅ አጣጣልና በፒያኖው ላይ የተጣለ ስለሆነ ወደ ሸክላ ሲገለበጥ የሚጎድለው እጅግ ጥቂት ነው። እኛ አገር ደረጀና ሀብቴን፣ ልመነህንና አለባቸውን በቴሌቪዥን እያየን የሳቅን ሰዎች የፊታቸውና የእጃቸው እንቅስቃሴ የጨዋታው ግማሽ እንደነበር እናውቃለን፤ የእነዚህኞቹን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ ምንም የቀረብኝ አይመስለኝም። ቅጂውን ለፓርሎፎን ያዘጋጀው ጆርጅ ማርቲን መሆኑም ረድቷል። በ1962 ቢትልሶችን ማስቀዳት ከመጀመሩ አስቀድሞ የቀልድ ሥራዎችን በመቅዳት የታወቀ ሰው ነበርና፣ በሸክላው ላይ ሳቁ ቃሉን ሳይውጠው፣ ቃሉም ሳቁን ሳያቀዘቅዘው ይሰማል።

ከለንደን በኋላ በኦክቶበር 1959 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ገብተው 215 ጊዜ አቀረቡት። በ1961 የእንስሳት ዘፈኖቻቸው ስብስብ ለብቻው በሸክላ ወጣ። በ1963 «አት ዘ ድሮፕ ኦቭ አናዘር ሃት» የተባለውን ሁለተኛ ትርዒት በሃይማርኬት ቲያትር ከፈቱ፤ ሸክላው በ1964 ታተመ። ከዚያ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ዞሩ፣ እንደገና አሜሪካ ተመለሱ፤ ኤፕሪል 9 ቀን 1967 በኒው ዮርኩ ቡዝ ቲያትር ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ቀረቡ። ፍላንደርስ በ1975፣ ስዋን በ1994 ዐረፉ። በ1991 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ቅጂዎች በሦስት ሲዲ ተጠቃለው ወጥተዋል፤ በኢንተርኔት የሚዘዋወረው በአብዛኛው ከዚያ የተወሰደ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሸክላ ጠጋኝ ከሰበታ

ስለ ይዘቱ እኅታችን በሚገባ ስለተናገረች እኔ ስለ ሸክላው ደኅንነት ብቻ ልጨምር። መምህር፣ የተዋሱት ማጫወቻ ለድሮዎቹ፣ በደቂቃ 78 ዙር ለሚሽከረከሩት ሸክላዎች የተሠራ፣ ክንዱ ከባድና መርፌው የብረት ከሆነ፣ እባክዎ ሁለተኛ አያስነኩት። የእርስዎ ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚሽከረከር ባለ ጠባብ ቦይ ነው፤ ከባዱ መርፌ በአንድ ጊዜ ማሳለፍ ብቻ የማይመለስ ጉዳት ያደርስበታል። ዘመናዊ የስቴሪዮ መርፌ ለሞኖ ሸክላ ያገለግላል፤ ማጉያው ላይ ሞኖ የሚል መቀየሪያ ካለ ቢጫኑት ከአቧራና ከጭረት የሚመጣው ንጭንጭታ በግልጽ ይቀንሳል። ሲያጸዱም የቦዩን ዙር እየተከተሉ በለስላሳ ጨርቅ እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አይጥረጉት።

በዚያው ትርዒት ውስጥ ስለ ድምፅ መሣሪያ የተገጠመ ዘፈንም አለ፤ በቤቱ ያለውን ማጉያና ድምፅ ማውጫ ከሙዚቃው አብልጦ ስለሚወድ ሰው ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉ ሰዎችን መሣሪያ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ በ1950ዎቹ ለንደን የተገጠመው ግጥም ዛሬ በደጄ ስለሚመላለሱ ደንበኞቼ የተገጠመ ያህል ይሰማኛል። «ይገባቸዋል ወይ?» ላሉት ጥያቄ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

የአቃቂው

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ከሁለተኛው ትርዒት አንድ ዘፈን እንዲሰሙ ልለምንዎት ነው የምጽፈው። ርእሱ «ስሎው ትሬይን» ይባላል። በ1963 (የእኔም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ ያዘጋጀው የምድር ባቡር ሪፖርት ከወጪ ለመዳን ሲባል 2,363 ጣቢያዎችና 5,000 ማይል ያህል ሐዲድ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዓመት ለመድረክ ያበቁት ዘፈን በአብዛኛው ሌላ ምንም ሳይሆን የጣቢያ ስም ዝርዝር ነው። ፒያኖው እንደ ዘገምተኛ ባቡር ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ፍላንደርስም በትንንሽ መንደሮች ያሉትን ጣቢያዎች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራቸዋል። አንድም ቀልድ የለበትም። ሲስቅ ያመሸ ሕዝብ እዚህ ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውም ከዘፈኑ ጋር አብሮ ተቀድቷል።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤታችንም ከአቃቂ ጣቢያ ብዙ አይርቅም ነበር። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያ ጠባብ ሐዲድ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እኛ ልጆች ርዝመቱን በቁጥር ሳይሆን በስም ነበር የምናውቀው፤ ለገሃር፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ መኢሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ። አባቴ ማታ ማታ እንደ ውዳሴ ያስደግሙን ነበር፤ አንዱን የዘለለ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይደረጋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ የሚነሣው በ2016 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን መንገደኛው የሚሳፈረው ፉሪ ለቡ ነው እንጂ ለገሃር አይደለም፣ የአቃቂውም አሮጌ ሐዲድ በሣር ተሸፍኗል። የሰዎቹን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት በውጭ አገር የሚኖር ልጄ ልኮልኝ ነው። ከጣቢያዎቹ አንዱንም አላውቀውም፤ ሆኖም ሦስተኛው ስም ሲጠራ እንባዬ መጣ። በእኛ ሐዘን ቤት አልቃሽ ሟቹን የምታለቅሰው የኖረበትን፣ የዋለበትን፣ ያረሰበትን አገር በስም እየጠራች ነውና፣ ስም መጥራት ብቻውን ሙሾ እንደሚሆን ማንም ሳያስተምረኝ አውቀው ነበር።

አንድ እርማት መጨመር ይገባኛል፤ በዘፈኑ የተጠሩት ሁሉ አልተዘጉም። ለምሳሌ ቼስተር ለ ስትሪት የተባለው ጣቢያ ዛሬም ባቡር ይቆምበታል። ተማሪዎችዎ በካርታ ላይ እየፈለጉ የትኛው እንደተረፈና የትኛው እንደጠፋ ቢያጣሩ ጥሩ ሥራ ይሆናቸዋል። ከዚያም በኋላ የእኛን መስመር ይጠይቋቸው።

ዘሱሉልታ

ጋሼ የአቃቂው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመታት ስለቆየሁ ነገሩን በዚያ በኩል ልመልከተው።

በመምህር ሸክላ ላይ ካሉት መካከል «ሚስአላያንስ» የተባለው ስለ ሁለት ሐረጎች ነው። አንዲቱ ሐረግ በቀኝ ዙር፣ ሌላዋ በግራ ዙር ትጠመጠማለች፤ ይህም በተፈጥሮ ያለ እውነት ነው፣ የሐረግ ዓይነቶች በየወገናቸው የሚዞሩበት አቅጣጫ የተወሰነ ነው። ሁለቱ ይፋቀራሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ግን ይከለክሏቸዋል፣ በመጨረሻም ሥራቸውን ነቅለው ደርቀው ይገኛሉ። ሰሙ የአትክልት ቦታ ወሬ ነው። ወርቁ ግን ስለ ቀኝና ግራ የፖለቲካ ወገንተኝነትና በዘርና በመደብ ሰበብ ስለሚከለከል ጋብቻ ነው። የገረመኝ፣ ደራሲው በእንግሊዝኛ ያላገኘውን በረከት አማርኛ በነጻ መስጠቱ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ሐረግ» የሚለው ቃል የሚጠመጠመውን ተክልም፣ የሰውን የዘር ሐረግም ይጠራል። ኅብረ ቃሉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ይህን ዘፈን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በዚህ አንድ ቃል ብቻ ከመነሻው የተሻለ ቅኔ ሊያወጣ ይችላል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

በአንጻሩ «ኑ» (በእንግሊዝኛ gnu) ስለሚባለው የአፍሪካ የዱር እንስሳ የተዘፈነውን ለመተርጎም ባትደክሙ ይሻላል። የዚያ ዘፈን ቀልድ የተመሠረተው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በመጀመሪያ የሚቀመጠው ፊደል በንባብ የማይሰማ በመሆኑ ላይ ነው፤ እንስሳው ግን ፊደሉን ይጠራዋል፣ ለሌሎች ቃላትም ይጨምረዋል። በፊደላችን ተጽፎ የማይነበብ ሆሄ ስለሌለ ጨዋታው በበሩ ላይ ይሞታል። ምትክ ከተፈለገ የእኛን የማጥበቅና የማላላት ጉዳይ መውሰድ ይቻላል፤ «ገና» ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ ሌላ ነው፤ «ዋና» እንዲሁ። በዚህ ላይ የሚጨዋወት አንድ ግራ የገባው እንስሳ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊፈጥሩ ይችላሉ።

መምህር ዘለገጣፎ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከሰበታ በተሰጠኝ ምክር መሠረት ማጫወቻውን መረመርሁት፤ መርፌው በእርግጥም የብረት ነበር፤ በዚያው ዕለት ለባለቤቱ መለስሁለት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀለል ያለ ዘመናዊ ማጫወቻ አለው፤ አሁን በእርሱ እንሰማለን። የመጀመሪያው ጎን መጀመሪያ ላይ ትንሽ መሻከር ይሰማል፣ ያም የእኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አዝኛለሁ፤ የተቀረው ንጹሕ ነው።

ስለ ሁለቱ ሐረጎች የተጻፈውን ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ክፍሉ በክርክር ተሞላ። አንዱ ተማሪ «ሐረጎቹ ለምን አንድ ላይ በቀጥታ ወደ ላይ አይወጡም?» ብሎ ጠየቀ፤ ዘፈኑን መልሰን ስንሰማው ደራሲው ይህን ራሱ አስቦበት በግጥሙ ውስጥ እንዳነሣው አገኘን። በመጀመሪያ ዘፈኑን በስልኳ ያነጻጸረችው ተማሪ ደግሞ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን በጽሑፍ ለማስፈር ጀምራለች።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ክበቡ የሚሰጠኝ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በየትኛው ልጀምር?

ፒያኖ አስጠኚ ከቡራዩ

በጉማሬው ይጀምሩ፤ በመጀመሪያ ከሸክላው፣ ወዲያው ተከትሎ ከ1959ኙ ቅጂ፤ ሲሰሙም እያንዳንዱ ተማሪ ሕዝቡ የሳቀበትን ቃል በወረቀት ላይ ምልክት እንዲያደርግበት ያድርጉ። በዘፈኑ መጨረሻ ተመልካቹ ራሱ አዝማቹን ተቀብሎ ስለሚዘፍን፣ በሁለቱ ምሽቶች የነበሩትን ሰዎች ድምፅም ማነጻጸር ይችላሉ። ቀጥለው ስለ ለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ የተዘፈነውን ያሰሟቸው፤ በአዝማቹ ውስጥ ቀዩ ቀለም፣ ስድስቱ ጎማ፣ የናፍጣው ሞተርና 97ቱ የፈረስ ጉልበት በአንድ ትንፋሽ ተደርድረዋልና፣ የእንግሊዝኛ ቅጽል ቅደም ተከተል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በአንበሳ አውቶቡስ ከለገጣፎ እስከ መገናኛ ቆሞ የሄደ ልጅም የሾፌሩንና የገንዘብ ተቀባዩን ጠባይ ያለ ማብራሪያ ይለየዋል።

ከሁለተኛው ትርዒት አንድ ብቻ ከጨመሩ፣ ስዋን የሞዛርትን አራተኛ የሆርን (የመለከት ዓይነት የነሐስ መሣሪያ) ኮንቼርቶ የመጨረሻ ክፍል በፒያኖ ሲጫወት ፍላንደርስ ሆርኑ ስለጠፋበት ሰው በዚያው ፍጥነት ቃል የሚያስገባበትን ይምረጡ። ለእኔ ተማሪዎች መጀመሪያ የሞዛርቱን ለብቻው አሰምቻቸው ከዚያ ወደ እነርሱ ስሻገር ነበር የገባቸው። ጋሼ የአቃቂው ያሉትን የባቡር ዘፈን ግን ለመጨረሻው ያቆዩት፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማምና፣ ቢያንስ ስድስት ደቂቃ ይተዉለት።